ሙሄ ቱንቢ የይማምን ሰዓት ያቃኑ ዕለት

እኛ ሰፈር፣ ደሴ ሸዋ በር ማለቴ ነው፣ ሰው ሁሉ አፉ ላይ ያለች አንዲት አባባል አለች። ውስጧ ጆሮ አለ፣ ቱንቢ አለ። ቱንቢ ታውቃላችሁ አይደል? ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያዩባት፣ ሲባጎ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለው ብረት። ጆሮና ቱንቢን ምን አገናኛቸው ብትሉ ልክ ናችሁ፣ አብዛኛው ሰው ራሱ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ነው የሚላት። ባለፈው ጓደኛዬ ኢክራም ግንባሯ ላይ ያስቆረጠችው ፀጉር ተንጋዶ ሲወጣባት ይቺኑ አባባል አመጣች። ኧረ ወላሂ ምንም አይገናኝም! እኔ ደሞ ዝም ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም አባባሏ የኛ ናት። የተወለደችው እኛ ሳሎን ውስጥ ነው። ግድግዳው አሁንም አለ፣ ሚስማሩም አለ፣ ሰዓቱም አለ።

አባባሏን አሁን አልነግራችሁም። መጀመሪያ ነገሩን ስሙ።

ሰዓቱ የግድግዳ ሰዓት ነው፣ የእንጨት፣ ቁመቱ ክንድ ተኩል ይሆናል። ከመስታወቱ ጀርባ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የምታክል የነሐስ ሳህን ወዲህ ወዲያ ትወዛወዛለች። ደሞ ተንጋዷል። ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ጋደል ብሎ ነው የተሰቀለው። ባለፈው ሳምንት ዲሽ ሊያስተካክል የመጣ ልጅ ወንበር ላይ እንደወጣ አየውና «ይሄ እኮ ተንጋዷል» ብሎ እጁን ሰደደ። አያቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ አራታችንም ባንዴ «እንዳትነካ!» ብለን ጮኽን። ልጁ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ምነው፣ ቦምብ ነው እንዴ?» አለ።

ቦምብ አይደለም። ግን አያቴን ሳታገባ ሊያስቀራት ነበር።

አያቴ አንሻ ትባላለች። «እሷ» ስላት እንዳትቆጡኝ፣ አንቱ አትበሉኝ፣ ታስረጁኛላችሁ ያለችው ራሷ ናት። አባቷ፣ የኔ ቅድመ አያት ማለት ነው፣ ይማም አበጋዝ ይባላሉ፣ ከተማው ግን «ይማም ሰዓት» ነበር የሚላቸው። በልጅነታቸው ድሬዳዋ ወርደው አንድ አርመን ሰዓት ሠሪ ጋ ተቀጠሩ። ሙሴ ካስፓር ይሉት ነበር። ሙሴ ካስፓር ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ካቻቢቴ አላስነካቸውም። ምን አስደረጋቸው መሰላችሁ? ጀርባቸውን ለሰዓቶቹ ሰጥተው ማስቀመጥ! ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፣ ሁሉም ይንቀጫቀጫል፣ እሳቸው ሳይዞሩ የትኛው እንደታመመ በጆሯቸው ብቻ መናገር ነበረባቸው። መጀመሪያ ሊያብዱ ደርሰው ነበር አሉ። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን «ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሦስተኛው፣ ጉንፋን ይዞታል» አሉ። ሙሴ ካስፓር ከፍቶ ቢያይ ውስጡ አቧራ ብቻ። ያን ቀን ካቻቢቴ ሰጣቸው። «ዓይን ሰዓት ያነባል፣ ሰዓት የሚሠራው ጆሮ ነው» አላቸው።

ሥራውን ጨርሰው ወደ ደሴ ሲመለሱ ያንን የግድግዳ ሰዓት ይዘው መጡ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭነት መኪናው ሲንገጫገጭ ሳጥኑ ወድቆ ተላተመ። ቤት ገብተው ቢከፍቱት ውስጡ ያለች አንዲት ቀጭን ነሐስ ተጣማለች። ላቃናት ካሉ ትሰበራለች፣ ያን ጊዜ ደሞ ደሴ ላይ የሰዓት መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ምን አደረጉ? ነሐሷን ትተው ሳጥኑን አጣመሙት! ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በጣታቸው ቀስ አድርገው ገፋ አደረጉት። ቀጭ . . . ቋቀጭ፣ ቀጭ . . . ቋቀጭ። ያነክሳል። ትንሽ ገፋ። አሁንም ያነክሳል። ትንሽ ገፋ። ድንገት ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ። ሁለቱ እግሮቹ እኩል ሆኑ። በቃ፣ እዚያው ላይ ተዉት።

ከዚያ በኋላ መኪና ተራ ያለ ሹፌር ሁሉ የሚነሳው በዚህ ሰዓት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት የነበራቸው አቶ ደምሴም የሚከፍቱት በሱ፣ የሚዘጉት በሱ። አንዳንዱ እየሳቀ «ይማም፣ ሰዓትህ ጠጥቷል እንዴ?» ይላቸዋል። እሳቸው ደሞ «ጠጥቶም ካንተ ቀድሞ ቤቱ ይገባል» ይላሉ።

ይማም ሙያውን ለሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ሊያስተምሩ ሞክረው ነበር። ጀርባቸውን ለሰዓት አዙረው አስቀመጧቸው። አንዱ ተኛ። አንዱ በመስኮት ዘሎ ኳስ ሊጫወት ሄደ። አንሻን ማንም አላስቀመጣትም፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ ጓዳ ሆና ሽንኩርት ትልጣለች። ከዚያው ሆና «አባባ፣ ያ ጥቁሩ የኪስ ሰዓት ነገ ይቆማል» አለች። በማግስቱ ቆመ። ይማም መስኮቱ አጠገብ ከሳቸው ወንበር ጎን ሌላ ወንበር አስቀመጡ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ደሴ ውስጥ የሷን እጅ ያላየ ሰዓት የለም። አንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽሯን ሰክታ፣ ወረንጦዋን ይዛ፣ መስኮቱ ላይ ቁጭ። የሰዓቱን ጥርሶች በቤንዚን ታጥባለች፣ የተበጠሰ ሞላ ትቀይራለች፣ ደሞ እየሠራች ታወራለች። (ወሬውን ከሷ ነው የወረስኩት ይባላል።)

ኑርዬ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኑርዬ አያቴ ነው፣ ወንዱ። አስተማሪ ነበር፣ ረጅም፣ አፋር። ሰዓቱን «ይዘገያል» ብሎ አመጣ። አንሻ አዳመጠችው፣ አይዘገይም። መለሰችለት። በሳምንቱ «ይቀድማል» ብሎ መጣ። አይቀድምም። በሦስተኛው «ሌሊት ሌሊት ይቆማል» አለ። በአራተኛው ገና አፉን ሳይከፍት «መምህር፣ ይሄ ሰዓት ጤነኛ ነው፣ የታመመው ሌላ ነገር ነው» አለችው። ኑርዬ እስከ ጆሮው ቀላ፣ ሰዓቱን እዚያው ረስቶት ወጣ። በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ።

እንደተጋቡ አሁኑኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፣ ባይጋቡ እኔ ከየት እመጣለሁ? ጭንቁ እሱ አልነበረም። ጭንቁ ወንበሯ ነበር።

ኑርዬን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፣ አቶ ሙሄ። የደሴን ግማሽ የገነቡ ግንበኛ። «ሙሄ ቱንቢ» ነበር የሚባሉት፣ ምክንያቱም ቱንቢያቸውን ከኪሳቸው አይለዩም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሰው ቤት ምሳ ተጠርተው፣ ጎርሰው ሳይጨርሱ የበሩን መቃን ሲለኩ ተገኝተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። የጎበጠ ነገር ሲያዩ ግን እጃቸውን ያሳክካቸዋል።

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ መቼም በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ለመገላገል የቸኮሉ ያስመስላል። የመጡት ሦስት ናቸው፣ ሙሄ ራሳቸው፣ ጎረቤት ተብለው የተለመኑት የሻይ ቤቱ አቶ ደምሴ፣ ደሞ ሸህ ቡሽራ። ሸህ ቡሽራ ማለት በመንዙማ የታወቁ ትልቅ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ድቤ መትተው መንዙማ ሲያወርዱ ተራራው አብሮ ይወዛወዛል ይባል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይማም «እንመካከር» ብለው ሸኟቸው። በሁለተኛው ቀን ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና እንዲህ አሉ።

«ልጅቱ መልካም ናት፣ ዘሯም መልካም ነው። አንዲት የጎበጠች ነገር ብቻ አለች። ሴት ልጅ መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ የወንድ ሰዓት ስትፈታ መዋሏ። እሷን እኛ ቤት ስትገባ እናቃናታለን።»

ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣ ነበር። ይማም ግን የግድግዳውን ሰዓት አዩና «የዛሬ ሳምንት እሑድ ጠዋት ኑ፣ ሦስት ሰዓት ሲመታ መልሴን ትሰማላችሁ» ብቻ አሉ።

ያን ሳምንት አንሻ እህል አልበላ አላት። ኑርዬን ትወደዋለች፣ አትዋሽም፣ እኔንም ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ። ወንበሯንም ትወደዋለች። ኑርዬ በእህቱ በኩል መልእክት ላከ፦ «እኔ ወንበሯ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ግን አሳድገውኛል፣ ፊታቸው ቃል አይወጣኝም።» ይሄ መልእክት ነው? ቤት ውስጥ ስለ እሱ በተነሳ ቁጥር እኔ እበሽቃለሁ፣ አያቴ ግን «ተይው፣ ያኔ እንደዚያ ነበር» ትላለች።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሳሎኑም ሱቁም አንድ ነው፣ ፊት ለፊት ክፍል። እንግዳ ስለሚመጣ የደንበኛው ሰዓት ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ይማም አስቀመጧቸውና «ልጄንና እናቷን ላናግር፣ ሦስት ሲመታ እወጣለሁ» ብለው መጋረጃውን ገልጠው ጓዳ ገቡ። ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ሳሎን የሆነውን አቶ ደምሴ ናቸው በኋላ ለከተማው ሁሉ ያወሩት፣ ስለዚህ አንድ ቃል አልጨመርኩም። (እሳቸው ይጨምሩ አይጨምሩ አላውቅም።)

ሙሄ ሁለት ደቂቃ በትዕግሥት ተቀመጡ። ከዚያ ዓይናቸው ሰዓቱ ላይ ሄደ። መለሱት። እንደገና ሄደ።

«እስቲ ይሄን ነገር እዩልኝ» አሉ።

«ምኑን?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ሰዓቱን ነዋ! ከግድግዳው ጋር ተጣልቷል እኮ!»

«ተቀመጥ ሙሄ» አሉ ሸህ ቡሽራ። «ሽማግሌ ሆነህ ነው የመጣኸው፣ ግንበኛ ሆነህ አይደለም።»

«ሸሁ፣ ስንት ሰው የሚያከብረው ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተሰቅሎ! ውለታ ልዋልለት እንጂ። ዝምድናው ሳይጀመር አንድ ሥራ።»

ቱንቢያቸውን አውጥተው ከሰዓቱ አጠገብ አንጠለጠሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሳጥኑን በመዳፋቸው ወደ ቀኝ ገፋ አደረጉት። ቀጥ! ሲባጎውንም እዚያው ሚስማር ላይ አንጠልጥለው ተዉት፣ ሥራቸውን ለማሳየት መሰለኝ።

«ይኸው፣ አሁን ሰው መሰለ» ብለው ተቀመጡ።

ጓዳ ደሞ እንዲህ ነው። ይማም አንሻን ፊት ለፊት አስቀምጠዋታል።

«በይ ልጄ፣ ደቂቃው እያለቀ ነው። ወንበሩን ነው ኑርዬን? ያልሽውን እላቸዋለሁ።»

እናቷ «ልጄ፣ ወንበር ሲያምሽ አያስታምምሽም» አለቻት።

አንሻ ወደ መሬት አየች። አንድ ሳምንት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከርማ ልቧ ደክሟል። «እሺ አባባ . . .» አለች። «ወንበሩን . . .»

«ልተወው» ልትል ነበር። እማማ ትሙት፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር ትላለች። በዚህ ቅጽበት ከመጋረጃው ማዶ፣ ቀጭ . . . ቋቀጭ። ቀጭ . . . ቋቀጭ።

አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«አባባ» አለች።

«ሰምቻለሁ።»

«ያነክሳል።»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ማነው የሚያነክሰው?» አለች እናቷ።

አሁን ችግሩን እዩት። ይማም ወጥተው «ማን ሰዓቴን ነካ?» እንዳይሉ፣ ሽማግሌ ሆኖ የመጣ እንግዳ አይገሠጽም። አንሻ እንዳትወጣ፣ ልትታጭ ያለች ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። አባትና ልጅ፣ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ እንደተቀመጠ አስታማሚ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ወደ መጋረጃው አዘንብለው ያዳምጣሉ። ቀጭ . . . . ቋቀጭ። ቀጭ . . . . . ቋ። ቀጭ።

ከዚያ ምንም።

ሳሎን ውስጥ መጀመሪያ የነቁት ሸህ ቡሽራ ናቸው።

«ሙሄ፣ ቤቱ ዝም አለ።»

«እንዴት ዝም አለ?»

«ምቱ የለማ። ድቤው ጠፋ።»

ቀና ብለው አዩ። ለሦስት አምስት ጉዳይ። ጠበቁ። አሁንም አምስት ጉዳይ። ሙሄ ተነስተው የሰዓቱን ጎን መታ መታ አደረጉት።

«በጥፊ ነው የምታስነሳው?» አሉ አቶ ደምሴ።

በዚህ መሃል አንድ ሹፌር በመስኮት ጭንቅላቱን አስገባ። «ስንት ሰዓት ነው ጋሼ? መኪናዬን ላስነሳ።»

«አምስት ጉዳይ» አሉ ሙሄ ቀልጠፍ ብለው።

ሹፌሩ ሄደ። ተሳፋሪ ጭኖ፣ ሸራውን አስሮ፣ ሻዩን ጠጥቶ ተመለሰ። «አሁንስ?»

ሙሄ ሰዓቱን አዩ፣ ሹፌሩን አዩ። «አምስት ጉዳይ።»

«ቅድምም አምስት ጉዳይ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

አቶ ደምሴ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑት። «እኔ ምለው፣ ሦስት ሰዓት ዛሬ ከመጣ መልሱን እንሰማለን፣ ካልመጣ ደሞ ኑርዬ ሳያገባ ያረጃል።»

አንሻ ጓዳ ሆና የሹፌሩን ድምፅ ስትሰማ ብድግ አለች።

«ወዴት?» አለች እናቷ ቀሚሷን ይዛ። «ሽማግሌ ፊት! ልታዋርጂን ነው?»

«እማ፣ ሰዓቱ ቆሟል። ሦስት ካልመታ አባባ መልስ አይሰጡም። ያነከሰውን ሰምቼ ደሞ እኔም ወንበሩን ልተወው አልልም።»

እናቷ አባቷን አየች። ይማም የኪስ ሰዓታቸውን ከሰንሰለቱ ፈትተው ለልጃቸው አቀበሏት። አንሻ መጋረጃውን ገለጠች፣ ወጣች። ማጉያ መነጽሯ እንደተለመደው በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

አቶ ደምሴ «ያን ጊዜ እኔ ሰማይ የወደቀ መሰለኝ» ይሉ ነበር። አንሻ ጎንበስ ብላ ሦስቱንም ተሳለመች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰዓቱ። የተንጠለጠለውን ቱንቢ አየች።

«ልጄ» አሉ ሙሄ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ጠማማ ነበረ፣ አቃናሁላችሁ።»

«በምን አቃኑት አባባ ሙሄ?»

«በቱንቢ ነዋ! ቱንቢ ይዋሻል?»

«አይዋሽም። ግን ሰምተውታል?»

«ሰዓት ይታያል እንጂ ይሰማል እንዴ?»

አንሻ ሳቅ አለች። እዚህ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ አሁንም ትስቃለች። «እንግዲያው ለኔ ሲሉ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለች።

ሙሄ ግራ ገብቷቸው ጨፈኑ። ሸህ ቡሽራም ጨፈኑ። አቶ ደምሴ አንዱን ብቻ ጨፈኑ፣ ወሬው እንዳያመልጣቸው። አንሻ ሳጥኑን ሙሄ እንዳቆሙት ቀጥ እንዳለ ትታ የነሐሷን ሳህን በጣቷ ነካች። ቀጭ . . . ቋቀጭ። ቀጭ . . . ቋቀጭ።

«ምን ይሰማዎታል?»

ሙሄ ጆሯቸውን ወደ ሰዓቱ አዘነበሉ። «ይሄ ነገር . . . ያነክሳል እንዴ?»

«እኔ በዚህ ድቤ መንዙማ አላወርድም» አሉ ሸህ ቡሽራ።

አንሻ ሳጥኑን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። «አሁንስ?»

«ያነክሳል።»

ገፋ። «አሁንስ?»

«ትንሽ ይሻላል። ግን ያነክሳል።»

ገፋ። ሙሄ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አንገታቸውን አስረዘሙ፣ እጃቸውን አነሱ፣ ልክ ድንጋይ ለሚያቀብሏቸው ሠራተኞች እንደሚያደርጉት ለአንሻ በጣታቸው «ትንሽ፣ ትንሽ» ይሏት ጀመር። ቀጭ . ቋቀጭ። ቀጭ ቋ። ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ።

«እዚያ ጋ!» ብለው ጮኹ ሙሄ። «እዚያው ላይ! እንዳትነኪው!»

«እሺ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።»

ገለጡ። ሰዓቱ ልክ እንደ መጀመሪያው ወደ ግራ ተንጋዷል። አጠገቡ ቱንቢያቸው ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። በሁለቱ መካከል ሁለት ጣት ያስገባል። ሙሄ ሰዓቱን አዩ፣ ቱንቢውን አዩ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አጃኢብ!» አሉ። «እኔው ራሴ አይደለሁም እንዴ እዚያ ጋ ያልኩት?»

«እርስዎ ነዎት» አለች አንሻ።

አባቷ የሰጧትን የኪስ ሰዓት አየችና የግድግዳውን ረጅሙን ዘንግ በጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አመጣችው። ዘንጉ አናቱ ላይ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ደን፣ ደን፣ ደን። ሦስት። ከሦስት ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኖታል፣ ሰዓቱ ግን ተራውን አልዘለለም። ሦስት ከመታ በኋላ ነው ወደ ትክክለኛው ደቂቃ የወሰደችው።

ይማም መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። ማንንም አልገሠጹም።

«ሦስት መታ» አሉ። «መልሴ ልጄ ናት፣ ይኸው ቆማለች። ወንበሩን ወይስ ኑርዬን ብዬ ስጠይቃት ነበር። አሁን ሳስበው ጥያቄዬ ራሱ ያነክሳል። እንደተሰቀለችው ከወሰዳችኋት፣ ከነወንበሯ፣ ትሂድላችሁ። እናቃናት ካላችሁ ግን እንደ ሰዓቱ ትቆምባችኋለች።»

አንሻ ልቧ ሰዓቱን ሲቀድም ይሰማት ነበር። ሙሄ እምቢ ብለው ቢነሱ ኑርዬ አበቃለት፣ የሳሎኑ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ሙሄ ተነሱ። ወደ በሩ ግን አልሄዱም። ወደ ግድግዳው ሄደው ቱንቢያቸውን ከሚስማሩ አወረዱ፣ ሲባጎውን በብረቱ ላይ ቀስ እያሉ ጠቀለሉት፣ ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንሻን ቀና ብለው አላዩዋትም። (ከሠርጉ በኋላ መኪና ተራ ፊት ለፊት ለአንሻ ሱቅ የሠሩላት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ በገዛ እጃቸው። እስካሁን አለ፣ እኔም አሁን ፈተናዬን ጨርሼ እዚያ ነው የምውለው፣ ጀርባዬን ለሰዓት ሰጥቼ። አራቱም ግድግዳ እንደ ቱንቢ ክር ቀጥ ያለ ነው። የሰዓት መስቀያውን ሚስማር ግን አልመቱም፣ መዶሻውን ለአንሻ ሰጥተው «እሱን አንቺ ምቺው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ» አሏት።)

ያን ዕለት ግን ገና ነበር። ሙሄ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ወደ ሸህ ቡሽራ ዞሩ።

«ሸሁ» አሉ፣ «ፈረደብኝ አይደል? እስቲ እርስዎ አንድ ነገር ይበሉ፣ ከእርስዎ አፍ ልስማው።»

ሸህ ቡሽራ ዓይናቸውን አልገለጡም ነበር እስካሁን። በሰዓቱ ምት ልክ በከዘራቸው መሬቱን እየነካኩ፣ መንዙማ ሊያወርዱ እንደተዘጋጁ ሁሉ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ፈገግ ብለዋል።

«እኔ ምን እላለሁ ሙሄ» አሉ፣ «ጆሮ ያጣመመውን ቱንቢ አያቅናው።»